ሩም የሌለበት ብርጭቆ

ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ የቀጨኔን ዳገት ጨርሳ ግቢው ስትደርስ ድንኳኑ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም። እንግዳው ሁሉ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ከቦ ቆሟል። ልጅቷ ጥቁር ሽርጥ ታጥቃለች፤ እጇ እስከ ክርኗ በማንጎ ቢጫ ሆኗል። አንዷ ክንዷን፣ ሌላው የልብሷን ጫፍ ይዘዋታል።

«መርዛው ነው! በገዛ ልጁ ክርስትና ቀን መርዛው ነው!»

«ልቀቋት» አለች የዓለምወርቅ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ከቆየች ወዲህ፣ በሚጮህ ሰው መሃል ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው እንደሚደመጥ ተምራለች። ሳጅን ጉታ ግን እንደ ልማዱ በትከሻው እየገፋ መንገድ ከፈተ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ የሚጠልፈው ዓምሃ የመጀመሪያ ልጁን አቢን በዚያው ማለዳ መድኃኔዓለም አስጠምቆ፣ ዘመድ ጎረቤቱን ግቢው ሰብስቧል። የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል። ከጠላውና ከቢራው ሌላ ለእንግዳው በበረዶ የቀዘቀዘ የፍራፍሬ ኮክቴል ቀርቦ ነበር። ጭፈራው ሲደምቅ ዓምሃ አንድ ብርጭቆ ጨለጠ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ደረቱን ይዞ ተንበረከከ፣ አስመለሰው፤ ከዚያ ተዘረረ። አብሮ አደጉ ጌቱ በጀርባው አዝሎት ቁልቁለቱን ሮጠ። የተቀበለው ሐኪም መመረዝ ጠርጥሮ ለፖሊስ ደወለ። ኮክቴሉን የቀመመችው ደግሞ ይህች በሰው መሃል የቆመችው ሲና ናት፤ የጎረቤት ልጅ፣ ከተማ መሃል ባለ ሆቴል ባርቴንደር።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትልልቅ የመስታወት ጆጎች ተቀምጠዋል። በሁለቱም ውስጥ ወርቃማ መጠጥና አናናስ ይታያል። በአንዱ ላይ ናና፣ በሌላው ላይ የብርቱካን ቁራጭ ይንሳፈፋል።

«ሁለቱም አንድ ነው?» አለች የዓለምወርቅ።

«አይደለም» አለች ሲና እንባዋን በክርኗ እየጠረገች። «ናና ያለበት ሩም አለው። ብርቱካን ያለበት የለውም። ዓምሃ የጠጣው ከሌለው ነው። እኔ ራሴ ነኝ የቀዳሁለት።»

«ሌላ የታመመ ሰው አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልነበረም። ከሁለቱም ጆጎች ሲጠጣ የዋለው ግቢ ሙሉ ሰው በእግሩ ቆሟል።

የዓለምወርቅ ዓምሃ ተቀምጦበት ከነበረው ወንበር ሥር ብርጭቆውን አገኘች፤ ባዶ ነው፣ ታቹ ላይ የብርቱካን ቁራጭ ተጣብቋል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሩም ሩም ይላል፤ ግን ጠረጴዛውም፣ ምንጣፉም፣ ድንኳኑም ያንኑ ይሸታሉ። ብርጭቆውን፣ ከሁለቱ ጆጎች ናሙና፣ የሩሙንም ጠርሙስ አሽጋ ለምርመራ ላከች። ሲናን ከእሷ ጋር ወሰደቻት። ወንጀለኛ ናት ብላ አይደለም፤ ትታት ብትሄድ ሰፈሩ ምን እንደሚያደርጋት ስላየች ነው።

ጣቢያ ሲደርሱ ውሃ አስመጣችላት።

«አሠራሩን ከመጀመሪያ ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ሲና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። ስለ ሥራዋ ስታወራ ድምፅዋ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። «ማንጎውን ልጬ እፈጨዋለሁ። አናናሱን ግን አልፈጨውም፤ አረፋ ብቻ ይሆናል። ደቀቅ አድርጌ ከትፌ ከስኳር ጋር አሳድረዋለሁ፤ ውሃውን በራሱ ያወጣል። ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ናናውን በመዳፌ መታ መታ አድርጌ ሽታውን አስወጣዋለሁ። በረዶ፣ ከዚያ ሩሙ። በሙቀት ቀን ሰው ለጥሙ ስለሚጠጣ ሩሙን አሳንሰዋለሁ፤ አለዚያ እንግዳው ምሳ ሳይቀርብ ይወድቃል።»

«ሩም የሌለበትስ?»

«ያው ነው። በሩሙ ፈንታ ቀረፋና የተቃጠለ ስኳር አፍልቼ አቀዝቅዤ ጨመርኩበት። መልኩ ተመሳሰለ። እንደዚያ አድርጊልኝ ያለኝ ዓምሃ ነው።»

«ለምን?»

«አቢ ከተወለደች መጠጥ በአፉ አልዞረም። ‹ለስላሳ ይዤ ካዩኝ አንድ ብቻ፣ ለልጅህ፣ እያሉ አያስቆሙ አያስቀምጡኝም። ሩም ያለበት የሚመስል፣ ግን የሌለበት ሥሪልኝ› አለኝ። የሚስቱ አክስት እትዬ ደሳለችና የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸውም ስለማይጠጡ አንድ ሙሉ ጆግ ሠራሁ።»

ሳጅን ጉታ በሩን ገርበብ አድርጎ የዓለምወርቅን ጠራት። ሰፈሩ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ ወሬ ለቅሞ ነው የመጣው። «ኢንስፔክተር፣ ምክንያት አላት። አምና በእህቷ ሠርግ ዓምሃ ሰክሮ ድንኳን አፍርሷል። ሽማግሌ ሰድቧል። እናትየው እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም።»

የዓለምወርቅ ተመልሳ ያንኑ ጠየቀቻት። ሲና አልካደችም።

«አዎ። እህቴ በሠርጓ ቀን አለቀሰች። አልጠላሁትም ነበር ብል ውሸት ነው።» ከውሃው ተጎነጨች። «ካቆመ በኋላ ግን ቤታችን መጣ። እናቴ አላስገባችውም። በር ላይ ቆሞ፣ በዝግ በር፣ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር። ኮክቴሉን በስጦታ ልሥራልህ ያልኩት ለዚያ ነው።»

የዓለምወርቅ ይህን ጊዜ ልጅቷን ማመን ፈለገች። መፈለግ ግን ማስረጃ አይሆንም።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ስትሄድ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ሁለት ሰዎች አገኘች። የዓምሃ ሚስት ቤዛዊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አቢን ታጠባለች። ከእሷ ራቅ ብሎ አንድ ግዙፍ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ጥፍሮቹ በጎማ ጥላሸት የጠቆሩ ናቸው፤ የክርስትናው ዕለት የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ የዓምሃ ትውከት ደርቋል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንዳልገባ ያስታውቃል።

«ጌቱ እርስዎ ነዎት?»

ዘሎ ተነሳ። «አዎ እኔ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ጎሚስታ አለኝ። እኔና እሱ ከአንድ አጥር ነው የበቀልነው።»

«የጠጣውን ያውቃሉ?»

«ጁስ ነው። ጁስ ብቻ። ከጎኑ ነበርኩ፤ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።»

«ማን ቀዳለት?»

«ሲና። ግን ኢንስፔክተር፣ ሲናን ልቀቋት። እሷ ምንም አላደረገችም።»

«በምን አወቁ?»

«እ... ማለቴ፣ ከተወለደች ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት።» መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ሩሙ ግን ንጹሕ ነው? አስመረመራችሁት? በዚህ ጊዜ የተጭበረበረ መጠጥ ይሸጣል ይባላል።»

«እየተመረመረ ነው። እርስዎም ጠጥተው ነበር? የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ኧረ እኔስ ደህና ነኝ። በቃ እንዲያው...» ብሎ ወደ መስታወቱ በር ዞረ። የዓለምወርቅ ለራሱ ፈርቶ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ዓምሃን የሚያክመው ዶክተር እንድርያስ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ልቡ እንዳሻው ይመታል፤ የደም ግፊቱ አልነሳ ብሎኛል። በደሙ ውስጥ አልኮል አለ። ግን ትንሽ ነው። እንኳን የለመደ ሰው፣ ልጃገረድም አይጥልም። ሌላ ነገር አብሮ አለ። ምን እንደሆነ ካላወቅኩ በጨለማ እየዳበስኩ ነው የማክመው።»

«አልኮል አልጠጣም እየተባለ ነው እኮ።»

«ሰዎቹ አልጠጣም ይላሉ። ደሙ ጠጥቷል ይላል።»

የቤዛዊት አክስት እትዬ ደሳለች እንጦጦ መንገድ ዳር ባለ ቤታቸው በረንዳ ላይ ሆነው ተቀበሏት። በሕይወታቸው ፖሊስ ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጸሎት አድርሰው ነው መናገር የጀመሩት።

«ልጄ፣ እኔ መጠጥ አላውቅም፤ ጌታ ይመስገን። ብርቱካን ካለበት ጆግ ደግሜ ጠጥቻለሁ። ከእኔ ጋር የመጡትም ጠጥተዋል። ሩም ቢኖርበት በጠረኑ እናውቀው ነበር። ይኸው ሁላችንም ደህና ነን።»

«ዓምሃን ይወዱታል?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «ቤዛዊትን ብዙ አስለቅሷል። አንድ ቀን እዚህ መጥታ ‹አክስቴ፣ መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት ባገኝ በወጡ አድርጌ አበላው ነበር› አለችኝ። ያኔ ገና እርጉዝ ነበረች።» ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ወይኔ! ለክፉ አይደለም የነገርኩሽ!»

በነጋታው የምርመራው ውጤት መጣ። የሩሙ ጠርሙስ ንጹሕ፣ የታወቀ ሩም ነው። ብርቱካን ያለበት ጆግ ውስጥ የአልኮል ጠብታ የለም። በዓምሃ ብርጭቆ ውስጥ ግን ሩም አለ፤ ያውም ከናናው ጆግ የተቀዳ ሳይሆን በቀጥታ የተጨመረ ጥሬ ሩም። መርዝ የሚባል አልተገኘበትም።

«እንግዲህ ሲና ናት» አለ ጉታ። «ጠርሙሱ በእሷ እጅ ነው።»

«ሩም የመረዘው ማን አለ ጉታ? ይልቅ ዶክተሩ ያለውን ሌላ ነገር እንፈልግ።»

የዓምሃን ሱቅ ከቤዛዊት ቁልፍ ተቀብለው ከፈቱ። ግድግዳው ላይ ያልተጨረሱ ቀሚሶች ተሰቅለዋል፤ አንዲት የሕፃን ቀሚስ ጥለቷ እስከ ግማሽ ተጠልፎ መርፌዋ እንደተሰካ ቀርቷል። ጉታ የክር ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ሲያራግፍ፣ ከአረንጓዴው ክር ሥር እንክብል የታሸገበት አንድ ቅጠል ወደቀ። ግማሹ ተውጧል። የማን እንደሆነ አልተጻፈበትም።

ቤዛዊት በሆስፒታሉ ኮሪደር እንክብሉን ባየች ጊዜ ግራ ገባት። «ምንድን ነው? ያመዋል እንዴ? ምንም አልነገረኝም።»

«ለአክስትሽ ስለ መድኃኒት የነገርሻቸው ነገር ነበር» አለች የዓለምወርቅ፤ ይህን ስትጠይቅ ከጎኗ ተቀምጣ ነው።

የቤዛዊት ፊት አመድ መሰለ። «ብያለሁ። ተስፋ ቆርጬ ብያለሁ። ግን አላደረግኩትም። ቀን ከሌት ሰክሮ ሲመጣ ያላደረግኩትን፣ ሲድንልኝ ላድርገው?» አቢን ደረቷ ላይ አጥብቃ አለቀሰች። ጌቱ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ያያቸዋል፤ ሊጠጋ ፈለገና ቀረ።

ዶክተር እንድርያስ እንክብሉን አገላብጦ እንዳየ ወደ ክፍሉ ሮጦ ገብቶ ለነርሶቹ የሆነ ነገር አዘዘ። ሲመለስ ትከሻው ቀለል ብሎት ነበር። «አሁን ገባኝ። ይህ መጠጥ ለማቆም የቆረጠ ሰው የሚውጠው ነው። ብቻውን ምንም አያደርግም። አልኮል ከተነካበት ግን ሰውነት ይቃጠላል፤ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይረበሻል። ልቡ ደካማ የሆነ ሰው ይሞትበታል። አሁን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።»

«ሰው ሳያውቅ በምግብ ሊሰጠው ይችላል?»

«ይቻላል። ወንጀል ነው እንጂ ይቻላል።»

ጉታ በዚህ ጊዜ ሚስቲቱን ለማሰር ዝግጁ ነበር። የዓለምወርቅ ግን ወደ ፋርማሲዎቹ ላከችው፤ ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ጀምሮ እንዲጠይቅ። ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ብሎ ተመለሰ።

«ራሱ ነው የገዛው። ኢየሩ የምትባል የፋርማሲ ባለሙያ በደንብ ታስታውሰዋለች። የሐኪም ትእዛዝ ይዞ፣ ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ ይገባ ነበር። ‹ለሰው እንዳታወሪብኝ› ይላታል። ጠብታ እንኳን እንዳይቀምስ በየጊዜው ታስጠነቅቀዋለች።»

ጉታ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰውዬው ማንም ሳያውቅለት፣ በክር ካርቶን ውስጥ ደብቆ፣ ከራሱ ጋር ሲታገል ከርሟል።

«ስለዚህ በመድኃኒቱ ላይ አልኮል እንደሚገድለው የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ ከእሱ በቀር አልነበረም» አለች የዓለምወርቅ። «ሩሙን የጨመረው ሰው ሊገድለው አልፈለገም። ሊያጠጣው ነው የፈለገው።»

ቤዛዊትን ስልኳን ጠየቀቻት። የዘመድ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲቀርጹ ውለው ቪዲዮውን ሁሉ ልከውላታል። የዓለምወርቅ ቢሮዋ ተቀምጣ እየመላለሰች አየችው። ቄሱ ሲባርኩ፣ ዳቦ ሲቆረስ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ። በአንደኛው ላይ ዓምሃ ይስቃል፤ ብርጭቆው ከፊቱ ተቀምጧል፣ ከላዩ ጥቂት ተጠጥቷል፣ መጠጡ ድፍን ወርቅ ነው። ከዚያ «ፎቶ! ፎቶ!» የሚል ድምፅ። ዓምሃ ይነሳል፣ አቢን ይቀበላል። ግቢው ሁሉ ወደ ድንኳኑ በር ይተማል። ሲናን ሳይቀር በሽርጧ ጎትተው ያመጧታል፤ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ከቤዛዊት ጎን ትቆማለች። እትዬ ደሳለች አሉ። ቀጣዩ ቪዲዮ ላይ ዓምሃ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ብርጭቆው ሙሉ ነው። መጠጡም ሳስቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል።

በዚያች መሃል ሲና ከፎቶው ውስጥ ናት። ቤዛዊትም። የዓለምወርቅ ፎቶውን አጉልታ ፊት በፊት አየች። ሰው ሁሉ አለ። የዓምሃ አብሮ አደግ ብቻ የለም።

«ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም» ነበር ያላት። እውነቱን ነው የነገራት።

ያን ጊዜ ሌላውም ጥያቄው ትዝ አላት። ሁሉም ሰው ዓምሃ ጁስ ብቻ ጠጣ ሲል፣ ራሱም ጁስ ብቻ ብሎ ሲምል፣ ስለ ሩሙ ንጽሕና የተጨነቀው እሱ ብቻ ነበር።

ጌቱን ያገኘችው ጎሚስታው ውስጥ ነው። የሆስፒታሉን ኮሪደር ለጥቂት ሰዓት ትቶ መጥቶ አንድ ጎማ ከቸርኬው ለማላቀቅ ይታገላል። ስትገባ አያት፤ ብረቱን አስቀመጠ። ጉታ ደጅ ቀረ።

«ጌቱ» አለች፤ አንቱታውን ትታለች። «ሩሙ ንጹሕ ነው። ጠርሙሱም ንጹሕ ነው።»

ጌቱ ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ምን ሆነ? ትንሽ እኮ ነው የጨመርኩበት። በጠርሙስ ለምንጨርስ ሰዎች፣ ያቺን ያህል ጠብታ! ሩሙ ተመርዞ ነው ብዬ... እኔም ጠጥቼ ነበር፤ ለምን እኔን አልጣለኝም እያልኩ...»

ስለ መድኃኒቱ ነገረችው። ጌቱ ፊቱን በጥቁር እጆቹ ሸፈነ። ከጣቶቹ መሃል የሚወጣው ድምፅ የዚያን ግዙፍ ሰው አይመስልም።

«ለምን አልነገረኝም? ነግሮኝ ቢሆን ያን ጠርሙስ እኔ ራሴ እሰብረው ነበር።»

«ለሚስቱም አልነገራት። አፍሮ ነው። ግን አንተ ለምን ጨመርክበት? መጠጥ መተዉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። በመተዉ ደስ አላለህም እንዳትዪኝ።» አንቱታው ጠፍቶት አንቺ እንዳላት እንኳን አላስተዋለም። «ማታ ማታ ሥራ ስንጨርስ አብረን ነበርን። ከጉርምስናችን ጀምሮ። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እሱ ተወ፤ ጎሽ ተባለ፤ ቤቱ ገባ። እኔን ግን ማን አስታወሰኝ? ሱቁ ስሄድ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ እንባባልና ወሬው ያልቅብናል። ብቻዬን ስጠጣ ደግሞ ውሃ ሆነብኝ። ያን ቀን ከጎኔ ተቀምጦ እንደ እንግዳ ያወራኛል። ሰው ሁሉ ለፎቶ ሄደ። ጠርሙሱ እዚያው አጠገቤ ነበር። ትንሽ ሞቅ ቢለው፣ እንደ ድሮው ትከሻዬን መትቶ ይስቅልኛል ብዬ ነው። ለአንድ ቀን። ለአንድ ቀን ብቻ።»

«ሲና በአንተ ፋንታ ስትታሰር ዝም አልክ።»

«ልቀቋት ብያለሁ እኮ።»

«‹እኔ ነኝ› አላልክም።»

ጌቱ ተነሳ፣ እጁን በነዳጅ ታጠበ፣ የጎሚስታውን ቆርቆሮ በር ዘጋ። «እንሂድ» አለ።

ቃሉን ከሰጠ በኋላ በዋስ ተለቀቀ። የዓለምወርቅ ሲናን በመኪና አላደረሰቻትም፤ በእግሯ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀጨኔን ዳገት አብራት ወጣች። ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ሁሉ እንዲያዩ ብላ ቀስ ብላ ተራመደች። ክንዷን ጨምድዳ ይዛት የነበረችው ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ አገኘቻቸው።

«ልጅቷ ምንም የለባትም» አለቻት የዓለምወርቅ። «የሰማሽውን ለሌላውም ንገሪ፤ ያን ዕለት ለመናገር ፈጣን ነበርሽ።»

ሴትየዋ አቀርቅራ «ይቅር በይኝ ሲናዬ» አለች። ሲና አንገቷን ነቅንቃ አለፈች። ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልጋት ነበር፤ የዓለምወርቅም አላስቸኮለቻትም።

ዓምሃ ዓይኑን የገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። መናገር ሲጀምር የዓለምወርቅ ተጠራች። አልጋው ላይ ትንሽ ሆኗል፤ የጥልፍ ሠሪ ረጃጅም ጣቶቹ አንሶላው ላይ ተዘርግተዋል።

«ጌቱ የሆነውን ነግሮናል» አለችው። «ሳታውቅ ሩም ጨምሮብህ ነው። ያንተን ቃል ደግሞ ልስማ።»

ዓምሃ ጣሪያውን አየ። «ሳላውቅ አይደለም።»

የዓለምወርቅ ብዕሯን ያዘች እንጂ አልጻፈችም።

«መጀመሪያ ስቀምሰው አወቅኩት። እኔን ያህል ሰው ሩም ይጠፋዋል? ማንጎው፣ አናናሱ፣ ሎሚው፣ ከሥራቸው እሱ። ብርጭቆውን ከአፌ ሳላነሳ ቀና ስል ጌቱ ያየኛል። ፊቱ በርቷል። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ብተፋው ወይም ባስቀምጠው ያፍራል አልኩ። ጨለጥኩት። ለእሱ ብዬ ነው ብል ግን ግማሹን ነው የምነግርሽ። ግማሹ... ጣፈጠኝ። ፀሐዩ፣ በረዶው፣ ያ ሁሉ ጊዜ የተውኩት ነገር። መድኃኒቱ ውሸት ቢሆንስ አልኩ በሆዴ። አንዴ ልሞክረው አልኩ።»

ከበሩ ውጪ አቢ ስታለቅስና ቤዛዊት እሹሩሩ ስትላት ይሰማል።

«ለቤዛዊት እንዳትነግሪብኝ» አለ።

«ቃልህን እንዳልከው ለዐቃቤ ሕግ አቀርባለሁ፤ ጌቱንም የሚጠቅመው እሱ ነው። ጥፋቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይቀርለትም። ለሚስትህ የምነግራት እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ።»

«ትሄዳለች።»

«ይህን ሁሉ ቀን እዚህ በር ላይ ተቀምጣ የነበረችው ማን መሰለችህ?»

ወጥታ ቤዛዊትን አስገባቻት። መሄድ ነበረባት፤ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆየች። በመስታወቱ በኩል ዓምሃ ሲናገር፣ ቤዛዊት ቆማ ስትሰማው አየች። አልጮኸችም። አቢን አልጋው ላይ፣ ከጎኑ፣ አስተኛቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የዓለምወርቅ የሰማችው ይህን ብቻ ነው።

«መድኃኒቱን ለምን ደበቅከኝ?»

«ቢያቅተኝ ዳግመኛ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ።»

«ከዛሬ ወዲያ ከእኔ እጅ ነው የምትውጠው። ማታም ጠዋትም። ሰማህ?»

ትንሽ ቆይታ ቤዛዊት ብቅ አለች። «ጌቱን ይፈልገዋል» አለች፤ ድምፅዋ ደርቋል። «ገና ይቅር አላልኩትም። ግን ይፈልገዋል።»

ጌቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። ዋስ ካገኘ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጉታ ጠርቶት ሲመጣ በእግር ጣቱ ገባ፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ አልጋው ግርጌ ቆመ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ጌቱ መስኮቱን፣ ከዚያ የራሱን ጫማ አየ። ያን ሁሉ ዘመን ብርጭቆ በመሃላቸው ሳይኖር ተቀምጠው አውርተው አያውቁም፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋቸው።

«ተቀመጥ» አለ ዓምሃ በመጨረሻ።

ጌቱ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሽ ሶሬሳ ትናንት ማታ ጎሚስታው መጣ» አለ። «ያቺን አሮጌ መኪናውን ይዞ።»

«የፊቱ ጎማ?»

«የፊቱ ጎማ።»

«አዲስ ግዛ አላልከውም?»

«አልኩት። ‹ይቺ ጎማ እኔን ትቀብረኛለች› አለኝ።»

ዓምሃ መሳቅ ጀመረ፤ ደረቱን አመመውና ያዘው፤ ሆኖም ሳቁን አልተወም። ጌቱ ሊስቅ ሞክሮ እንባው ቀደመው። አቢ በመሃላቸው ተኝታለች። ነርሷ መጥታ የጠያቂ ሰዓት አልቋል አለች፤ ጌቱ አዎ፣ አዎ እያለ ወንበሩን ወደ አልጋው ይበልጥ አስጠጋ።